ኤፊ ያልሰማችው ስንኝ

እንግዳ መቀበል በረከት እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል፤ እንግዳ ሆኖ መቀመጥ ግን የራሱ ትሕትና እንዳለው የሚያስተውል ጥቂት ነው። በደቡብ ዩስት ደሴት፣ በምዕራቡ የባሕር ዳርቻ የምትኖረው ኤፊ ይህን የተማረችው በስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው።

ቤቷ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ የእንግዳ ማረፊያ ነበረ። ባሏ ዱጋል በሕይወት ሳለ፣ ሐሙስ ሐሙስ አመሻሹ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰብበታል። አንዱ ቫዮሊኑን፣ ሌላው አኮርዲዮኑን ይዞ ይመጣል፤ ምንም የሌለው ድምፁን ይዞ ይመጣል። ከሩቅ አገር የመጡትም በመስኮቱ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ያዳምጣሉ። የኤፊ ስፍራ ግን ወጥ ቤት ነው። ዘፈን ሲያልቅ ሻይ መድረስ አለበት፤ ያውም ትኩስ ሻይ። ስለዚህ ዘፋኙ ወደ መጨረሻው ስንኝ ሲቃረብ እርሷ ብድግ ትላለች፤ ማንቆርቆሪያውም ያፏጫል። በዚህ ዓይነት የደሴቲቱን ዘፈኖች ሁሉ ታውቃቸዋለች፤ የአንዳቸውንም ፍጻሜ ግን ሰምታ አታውቅም።

ዱጋል ከእናቱ የወረሰው አንድ የመርከበኞች ዘፈን ነበረው። ጉባኤውን የሚዘጋው በእርሱ ነው። ዘፈኑ አልቆ ኤፊ ትሪውን ይዛ ስትገባ፣ ቤቱ በሞላ ፈገግ ብሎ ይቀበላታል። እርሷም ሻዩን ወደውት ይመስላት ነበር።

«የመጨረሻውን ስንኝ እስኪ ንገረኝ» ትለዋለች አንዳንድ ጊዜ፣ ሲኒ እያጠበች።

«ቁጭ ያልሽ ቀን ትሰሚዋለሽ።»

«ሻዩንስ ማን ያፈላዋል?»

«እሱን እንጃ» ይልና ጋዜጣውን ይገልጣል።

እንዲህ ሲባባሉ ዘመን አለፈ። ዱጋልንም ከሦስት ክረምት በፊት፣ ሳይታመም ሳያስታምሙት፣ ጌታ ወሰደው።

ኀዘኑ ጋብ ሲል ኤፊ በራሷ ላይ አንድ ነገር አየች። ለዶሮዎቿ እህል ስትበትን ያንን ዘፈን ታንጎራጉራለች፤ ከመጨረሻው ስንኝ ስትደርስ ግን ገደል አፋፍ ላይ እንደ ደረሰች በቅሎ ቀጥ ትላለች። ጎረቤቶቿን ጠየቀች። እርስ በርሳቸው ተያዩና ሁሉም አንድ ቃል መለሱላት፤ «ከሩሪ ስሚው።»

ሩሪ ከሚስታቸው ከሺና ጋር በባራ ደሴት የሚኖሩ የዱጋል የአጎት ልጅ ናቸው፤ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ዘፈኑን ሙሉውን መዝፈን የሚችል ከእርሳቸው በቀር አልቀረም። ባራ በጀልባ አርባ ደቂቃ ነው። ኤፊ ግን ለዚያች አርባ ደቂቃ ሁለት ዓመት ሙሉ አቀደች። በመጀመሪያው ጸደይ ሻንጣዋን ዘግታ ሳለ ባልና ሚስት ጀርመኖች በዝናብ በስብሰው በሩን አንኳኩ፤ እንዴት ትመልሳቸው? በሁለተኛው መከር ማዕበል ተነሥቶ ጀልባው ሦስት ቀን ቆመ። እውነቱን ለመናገር፣ ጀልባው መቆሙን ስትሰማ ደረቷ ቀለል ብሏት ነበር። በሰው ቤት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ያስፈራታልና።

በግንቦት ወር ግን ከሩሪ ደብዳቤ መጣ፤ ፊደሉ ይንቀጠቀጣል። «ደረቴ እየከዳኝ ነው። ሐኪሙ መዝፈን ተው ብሎኛል፤ አንድ ጊዜ ግን ይፈቀድልኛል ብዬ አስባለሁ። ስንኙን የምትፈልጊው ከሆነ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነይ።»

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቷ ኬት አን ቤቱን ልትረከብ መጣች። አልጋው ላይ የተዘረጋውን ዕቃ አይታ ወገቧን ያዘች።

«ምንድን ነው ይሄ? ልትሰደጂ ነው?»

«አንሶላ ነው። የትራስ ልብስም ይዣለሁ። ሺና አርጅታለች፣ እኔ ተኝቼበት እሷ ትጠብ?»

«ቅቤውስ?»

«ምናልባት ካነሳቸው።»

«ዳቦውስ? ሻይ ቅጠሉስ? ኤፊ፣ አንቺ እኮ ሴትዮዋን ልትሰድቢያት ነው የምትሄጂው!»

«ነገር አታብዢ። ለእንግዶቹ የአጃውን ገንፎ እንዳታሳርሪ፤ እሳቱን ዝቅ አድርጊው።»

«አሳርረዋለሁ፤ አንቺን እንዲናፍቁሽ።»

ኤፊ ሻንጣውን ስትዘጋ ቀስ ብላ ጠየቀች፤ «ኬት አን፣ አንቺ እንኳ ብትነግሪኝ ምን ነበረ? ሠላሳ ዓመት ሰምተሽዋል።»

ኬት አን ወደ መስኮቱ ዞረች። «የሟች አደራ አልበላም። ደግሞም ድምፄ የዳክዬ ነው፤ ሂጂ ከሰው አፍ ስሚው።»

በመንገዱ ዳር ከቆመው የእመቤታችን ምስል ፊት ኤፊ አማተበች፤ ከዚያም ነፋሱ እንዳይነሣ ለመነች። ነፋሱም አልተነሣም።

የሩሪ ሚስት ሺና ደጃፍ ላይ አቅፈው ተቀበሏት። ነገሩ የተበላሸው ሻንጣው ሲከፈት ነው። አሮጊቷ አንሶላውን በሁለት ጣት አንሥተው ወደ ብርሃኑ ያዙት።

«ቤቴ አንሶላ የለም ብለው ነገሩሽ?»

«ኧረ እትዬ ሺና! እንዳላስቸግርዎት ብዬ ነው።»

«ቅቤውም እንዳታስቸግሪኝ ነው? አንቺ ልጅ፣ እኔ አንቺን ለማስቸገር ቤትሽ ስንት ጊዜ መጣሁ! አንሶላ ይዤ መጥቼ ነበር?»

«አልመጡም።»

«እንግዲያው ዝም ብለሽ ተቸገሪልኝ» አሉና ሁሉንም ሻንጣው ውስጥ መልሰው፣ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር በእግራቸው ገፉት። ኤፊ ሌሊቱን በሰው አንሶላ ተኛች፤ አንሶላውም የባሕር ነፋስ ይሸት ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሩሪ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀው አፈር እንደ ማገዶ እየጤሰ ይነዳል። ኤፊን ከበሩ ርቆ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጧት፤ ይህም በአጋጣሚ አልነበረም። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ድምፃቸው እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ዜማው ግን ቀጥ ያለ ነው። መርከቡ ከወደቡ ወጣ፣ ሸራው ተቀደደ፣ ከዋክብት ጠፉ። ኤፊ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ልክ በዚያች ስፍራ ሲደርሱ፣ በወጥ ቤት ያለው ማንቆርቆሪያ አፏጨ።

ማንም ሳያዛት ጉልበቷ ተነሣ።

ሩሪ ዘፈኑን አቆሙ። «የት ነው?»

«ውሃው...»

«ውሃው የሺና ነው። አንቺ የዘፈኑ ነሽ። ቁጭ በይ። ይቺን ትንፋሽ ሁለተኛ አላገኛትም።»

ኤፊ ተቀመጠች፤ እጆቿን ከጭኗ ሥር ከተተቻቸው። ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ ቆየና ዝም አለ።

«የዚህ ዘፈን መጨረሻ እንደ ሌላው አይደለም» አሉ ሩሪ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «ዘፋኙ ራሱ ይሠራዋል፤ የቤቱን ሰው ስም ይከትበታል። እኔ የሺናን እከታለሁ። ዱጋል ግን በየዘመን መለወጫው በስልክ የራሱን ይዘፍንልኝ ነበር። አሁን የምልሽ የእሱን ነው።»

ዐይናቸውን ጨፍነው ዘፈኑ፤

«ማዕበል ቢነሣ፣ ሰማዩም ቢጨልም፣
ኤፊ ያለችበት ቤቴ አይጠፋኝም።
ሰው ስታስተናግድ ዘመን አለፈባት፤
ወንበሩን ስጧትና ሻይ እኔ ልቅዳላት።»

ኤፊ ትሪ ይዛ በገባች ቁጥር ፈገግ ይሉላት የነበሩት ፊቶች አንድ በአንድ መጡባት፤ የኬት አን፣ የቫዮሊኑ ጌታ፣ የማታስታውሳቸው ባዕዳን ሁሉ። ለካ ፈገግታው ለሻዩ አልነበረም። እንባዋ ወረደ፤ በእንባው መካከልም ሳቅ አመለጣት።

«ውሸታም!» አለች። «ሠላሳ ሰባት ዓመት! አንድ ቀን እንኳ አልቀዳም እኮ!»

«ነግሬው ነበር» አሉ ሩሪ እያሳላቸው። «‹ብትቀዳላት ይሻላል› ብዬ። ‹እሷ ሳትቀመጥ እንዴት ልቅዳ?› ነው ያለኝ።»

ሺና በራዱን አምጥተው ከባላቸው ፊት አኖሩት። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው አነሡት፤ ሲቀዱም እኩሌታው ከሲኒው ማስቀመጫ ሳህን ላይ ፈሰሰ። ኤፊ እጇን ልትዘረጋ አለችና እንደ ምንም ከጭኗ ሥር አቆየችው፤ ሲኒው ሞልቶ እስኪሰጣት ድረስ።

ቀመሰችው። ሻዩ ቀጥኖ ነበር፤ ቅጠሉም ገና አልበሰለም። ምላሷ ጫፍ ላይ የደረሰውን ቃል ዋጠችና እስከ አተላው ጠጣችው።

«ልድገምሽ?» አሉ ሩሪ።

«ይድገሙኝ» አለች፣ ከወንበሯ ሳትነሣ።