ግማሽ ጨረቃ የተሳለበት ጣውላ

ሐሙስ ከቀትር በኋላ የጸሎት አዳራሹ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሰው የለም ብዬ ስገባ አናጢው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተንበርክኮ የአንዱን አግዳሚ ወንበር ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያለ ያሻል። ልብስ አጣቢዋ እናት ዘወትር የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ባለፈው እሁድ ብድግ ሲሉ ቀሚሳቸውን ስንጥር ይዞት ሲተረተር አይቶ ኖሯል፤ እሳቸው ግን አፍረው ለማንም አልተናገሩም። ጠርዙን በመዳፉ ዳበሰ፤ እንደገና አሸ፤ እንደገና ዳበሰ። ከዚያ ራሱ ተቀምጦ፣ ወዲያና ወዲህ ተንሸራቶ ተነሣ። ሱሪው አልተያዘም። ቀና ሲል አየኝና እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ደነገጠ።

ሰፈሩ ሁሉ ውሃ ልክ ይለዋል። ድግስ ተጠርቶ እንኳ ጠረጴዛው ዘንበል ካለ እግሩ ሥር አንድ ነገር ሳይወትፍ አይበላም እየተባለ ይቀለድበታል። የአዳራሹን ወንበሮች በሙሉ የሠራው እሱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሲቀመጡባቸው አንዲት ሚስማር የላቸውም፤ እንጨት እንጨትን ነክሶ ይዞ ነው የቆሙት። "ሚስማር የቸኮለ ሰው ጸሎት ነው" ይላል።

እኔን የላኩኝ መጋቢው ናቸው። ውሃ ልክ ወደ ሰው አገር ከተደረገው የወንጌል ጉዞ ከተመለሰ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ እሁድ በጉባኤው ፊት ምስክርነት እንዲሰጥ ተፈልጓል። ንግግር ስለማይሆንለት እየነገረኝ ልጽፍለት፣ እሱም ሊያነበው ታስቧል። ለሁለተኛው ጉዞ የስም መመዝገቢያ ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል፤ በእሱ ምስክርነት ይሞላል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበታል። ቀጠሮ የማያፈርሰው ሰው ግን ሁለት ጊዜ ቀጥሮኝ ሁለቴም ቀረ። ሚስቱን ብጠይቃት፣ "የላክሁት ሌላ፣ የመለሱልኝ ሌላ። ሻንጣ ሲቀያየር ሰምቻለሁ፣ ባል ሲቀያየር ግን የመጀመሪያዬ ነው" ብላ ሳቀችና ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። ምግብ ይገፋል፣ ሲያናግሩት አይሰማም አለችኝ።

ያን ቀን ግን ማምለጫ አልነበረውም። አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ እሱም ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ ነገረኝ።

መጀመሪያውኑ መሄድ አልፈለገም ነበር። ስብከት አይችል፣ የሰው አገር ቋንቋ አይችል። መጋቢው "ጌታ ራሱ አናጢ ነበር፤ አንተ ምን ታፍራለህ?" ሲሉት እምቢ ማለት አቃተው። መጋቢውን ጨምሮ አሥራ ሁለት ሆነው ተነሡ፤ ነርስ አለች፣ የሕፃናት አስተማሪ አለች፣ ቀለም ቀቢ አለ። እሱ መላጊያውንና መሮዎቹን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከታች ሆኖ ያየው አውሮፕላን ውስጥ ገባና እስኪያርፍ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ።

የተሰጠው ሥራ ጣሪያው ገና በተከደነ የገጠር ጸሎት ቤት ውስጥ በስምንት ቀን ሃያ አግዳሚ ወንበር ማቆም ነበር። እንጨቱን የጫነው መኪና ግን መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። በሁለተኛው ቀን ከጓሮ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በጆንያ የተሸፈነ የጣውላ ክምር ተገኘ። የአካባቢው ሽማግሌ እዚያ በተመደበችላቸው አስተርጓሚ በኩል ሲጠየቁ፣ ለዚሁ ቤት ወንበር የተዘጋጀ ነውና ውሰዱት አሉ። ሁሉም ሃሌ ሉያ አለ።

ውሃ ልክ ጆንያውን ሲገልጥ እጁ ቆመ። እንጨቱ በጥላ፣ ቀስ ተብሎ የደረቀ ነው። የግማሹ ጫፍ እርስ በርሱ እንዲገባ በመሮ ተፈልፍሏል። በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ግማሽ ጨረቃ ተስሏል፤ ከጎኑ አንድ ጭረት፣ በሌላው ሁለት፣ በሌላው ሦስት። የቱ ከየቱ እንደሚገጥም አናጢ ለራሱ የሚያኖረው ምልክት ነው። እሱም የራሱ አለው፤ ሚስቱ እንኳ አታውቀውም።

"መጋቢ፣ ይሄ የሰው እጅ ያለበት ነው" አላቸው።

"ለዚሁ ቤት ነው ተብሏል እኮ። ቀኑ እየሄደብን ነው ወንድሜ" አሉት።

ክፋት አልነበረባቸውም፤ ስምንቱ ቀን ነው ያናገራቸው። ውሃ ልክም ባለ እጁ ማን እንደሆነ ሊያስጠይቅ አሰበ፤ አስተርጓሚዋ ግን ወዲያው ከነርሷ ጋር ሌላ መንደር ሄዳለች። እስክትመለስ ልጠብቅ ቢል ቀኑ ሊያልፍ ነው። ስለዚህ የተፈለፈሉትን ጫፎች በመጋዝ ቆረጣቸው። ጨረቃዎቹን በመላጊያ አጠፋቸው። ከዚያም በሃያ ሁለት ዓመት ያላደረገውን አደረገ፤ ሚስማር አነሣ።

አንድ ቆብ ያደረገ ሰው በየማለዳው ይመጣ ነበር። መጀመሪያ በር ላይ ቆሞ ያያል። በሦስተኛው ቀን ገብቶ የጣውላውን ሌላኛ ጫፍ ያዘለት። የተጣመመ ሚስማር ይለቅምና ድንጋይ ላይ አስተኝቶ ያቃናል። ቀለም ቀቢው "የውሃ ልክ ደቀ መዝሙር" እያለ ይስቅ ነበር፤ ፎቶም አነሳቸው።

በመጨረሻው ቀን ሃያውም ወንበር ሰው ሞልቶበት ተዘመረ። ሲያበቃ ባለ ቆቡ ጎንበስ አለና እጁን ከፊተኛው ወንበር ሥር ሰድዶ ዳበሰ። መላጊያው ያመለጠው አንድ ግማሽ ጨረቃ እዚያ ነበር። አይቶት ፈገግ አለ። ይህን ያየው ውሃ ልክ አስተርጓሚዋን ጠራት።

ቀስ ብላ ነገረችው። ሰውየው አናጢ ነው። ልጁ ከሞት አፋፍ ስትመለስለት የዚህን ቤት ወንበሮች ሁሉ በገዛ እጁ ሊሠራ ለእግዚአብሔር ቃል ገብቶ ነበር። እንጨቱን ሁለት ዓመት አደረቀው፤ ከዚያ ወዲህ ከእንጀራ ሥራው በተረፈችው ሰዓት ሁሉ ይፈለፍል ነበር። ታዲያ ለምን ዝም አለ? አስተርጓሚዋ ጠይቃው መለሰችለት። "ከሩቅ መጥታችሁ በደስታ ስትሠሩ አየ። ደስታችሁን ማደፍረስ ከበደው።" ሰውየው የውሃ ልክን ትከሻ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ያ ፎቶ አሁን አዳራሻችን መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ "የአካባቢው ሰዎችም አገዙን" ተብሎ ተጽፎበታል። ውሃ ልክ ከተመለሰ ጀምሮ በጓሮ በር ነው የሚገባው።

"ወንበር አልነበራቸውም፣ ወንበር ሠራንላቸው ይባላል" አለኝ። "ውሸት አይደለም። እኔ ግን የሰውየውን ስጦታ ከእጁ ነጥቄ የራሴ አድርጌ ለጌታ አቀረብኩ። ያውም በሚስማር። ሁለት ክረምት ሳያልፍ ይወላገዳል።"

ላጽናናው ብዬ፣ "አላወቅህም እኮ" አልኩት።

የብርጭቆ ወረቀቱን አጠፈ፣ አጠፈ፣ ከዚያ በላይ የማይታጠፍ እስኪሆን አጠፈው።

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ወንድሜ" አለ በመጨረሻ። "ምስክርነቱን ተወውና አንድ ውለታ ዋልልኝ። ከመዝገበ ቃላትም ለቃቅመህ ቢሆን የዚያን አገር ቋንቋ ትሞካክራለህ ይሉሃል። ለሰውየው ደብዳቤ ጻፍልኝ። በእኛም ቋንቋ ገልብጥልኝ፤ እሁድ ጉባኤው ፊት እሱን ነው የማነበው። ከዚያ በኋላ መመዝገብ የሚፈልግ ይመዝገብ።"

ደብተሬን ገለጥኩ። እጄን ያዝ አደረገኝ።

"አደራህን፣ 'አላወቅሁም' የምትል ቃል እንዳታስገባብኝ። ምልክቱን አይቼዋለሁ።"