የመጋዘኑ በር ላይ የተሰለፉ እናቶች

ሲይዙኝ የክትባት ሳጥኑ ትከሻዬ ላይ ነበር። ከይምርሐነ ክርስቶስ ማዶ ካሉት ጎጦች ወደ ጤና ኬላዬ ስመለስ መንገድ ላይ ወታደሮች አስቆሙኝ። «ጫካ ላሉት መድኃኒት ታመላልሻለሽ» አሉኝ።

ያሰሩኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ሽንቁር ብቻ ነው። የገብሱ እብቅ ልብሳችን ውስጥ እየገባ ያሳክከናል። ከእኔ ሌላ አራት ሴቶች ነበሩ።

በሦስተኛው ሳምንት ጎጦቹ ውስጥ ኩፍኝ መግባቱን ስንቅ ከሚያመጡልን ሰዎች ሰማን። አንድ ሕፃን ተቀብሯል። የትኛው ቤት ያልተከተበ ልጅ እንዳለ አውቃለሁ። እያወቅሁ እጄን አጣጥፌ መቀመጡ ከእስሩ ባሰብኝ።

ከዚያ አዛዡ አስጠራኝ። አጠገቡ ከወረዳ የመጣ የጤና ባለሙያ ቆሟል።

«እናቶቹ አናስከትብም ብለዋል» አለኝ ባለሙያው አንገቱን ደፍቶ። «ልጆቻችንን የምታውቀውን አስራችሁ፣ የማናውቀውን መርፌ አታምጡብን አሉን።»

አዛዡ ወረቀት ገፋልኝ። «‹ሥራዬን በፈቃዴ ለቅቄያለሁ፤ እነዚህን እመኗቸው› ብለሽ ጻፊ።»

«ውሸት አልጽፍላቸውም» አልኩ። ወረቀቱን መልሼ ገፋሁት። «ልጆቹን እዚህ ያምጧቸው። እኔ ልከትባቸው።»

አዛዡ ሳቀ። «ለእስረኛ ብሎ ያን ሁሉ ገደል የሚወርድ ማን አለ?»

«የእርስዎም ልጅ እኮ እዚሁ ነው ያለው» አለ ባለሙያው ቀስ ብሎ።

አዛዡ ወረቀቱን አጠፈና «ነገ፣ እስከ ቀትር ብቻ» አለ። ባለሙያው ወዲያው ወደ ጎጦቹ ሰው ላከ።

በማግስቱ በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ዓይኔን አጥበረበረው። ማየት ስችል፣ ከበሩ ጀምሮ እስከ ባሕር ዛፎቹ ድረስ እናቶች ተሰልፈዋል። ያዘለች፣ ያቀፈች፣ አንዱን አዝላ ሌላውን በእጇ የያዘች። ዶሮ ሳይጮኽ ተነስተው ስለመጡ ጉሙ ነጠላቸውን አርሶታል። አንዲትም አልጮኸችም፤ አንዲትም «ልቀቋት» አላለችም። ተራቸውን ይዘው ቆመዋል።

እጄን ታጥቤ ጀመርኩ። ባለሙያው ክትባቱን ይበጠብጣል፣ እኔ እወጋለሁ። የመጀመሪያዋ እናት የልጇን ግራ ክንድ ገልጣ ሰጠችኝ።

«ያንቺስ ሰውነት ደህና ነው ወይ?» አለች በሹክሹክታ።

«ደህና ነኝ እህቴ። ትኩሳት ቢጤ ቢይዘው አትደንግጪ፤ ይለቀዋል።»

«አንቺ ካልሽውማ ምን ያስደነግጠኛል።»

ቀትር ሲሆን ጠባቂው ወደ አዛዡ ተመለከተ። አዛዡ ዓይኑን ወደ ሰልፉ ጫፍ ጣለ። ሚስቱ ልጃቸውን አቅፋ እዚያ ቆማለች። ማንም ቅድሚያ አልሰጣትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ሥራው ቀጠለ። ተራዋ ሲደርስ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ልጇን ከተብኩላት።

ሲያልቅ ወደ በሩ ዞርኩ። ልጆቻቸውን ያስከተቡት እናቶች ለካ አልሄዱም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ሁሉም አንድ ላይ ተነሱ። ቄስ ሲያልፍ እንደሚያደርጉት ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። ጠባቂው ክንዴን ሊይዝ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ቀና ብዬ በራሴ እግር ገባሁ።

ኩፍኙ ቀስ በቀስ ጠፋ። እኔንም ከሁለት ወር በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ዛሬም እነዚያው ጎጦች ውስጥ እሠራለሁ። ስለ እስሩ ሲጠይቁኝ ርሃቡንና ብርዱን ማውራት አይከብደኝም፤ ስለዚያ ጠዋት ለመናገር ግን ቃል ያጥረኛል። ቤት ለቤት ስዞር ከእነዚያ እናቶች አንዷ በሯን ስትከፍትልኝ፣ ቀድሜ ጎንበስ የምለው እኔ ነኝ።