የአብዲ ሁለቱም ክርኖች

«ጋሼ፣ አባዬ ክርኑ ላይ እብጠት ነበረው?» አለችኝ ዛሬ በስልክ የሟች ጓደኛዬ የአብዲ ልጅ።

ነበረው። በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ ትራስ ተደግፈን ጫት ስንቅም «አቦ፣ ትራሱ ጨረሰህ!» እያልን እንስቅበት ነበር። የምንደገፈው በግራ ክርን፣ እብጠቱ ግን በሁለቱም። ጋዜጠኛ ተብዬው እኔም ይህን ልብ አላልኩም።

አርባ ሳይሞላው ልቡ ቆመ።

እሷ ዛሬ ተመራማሪ ናት። ኮሌስትሮልን ወደ ህዋስ የሚያስገባውን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚጣበቅበት አንቲቦዲ በራሷ ህዋሶች ላይ ሞከረች። ፕሮቲኑ በህዋሱ ገጽ ላይ መገኘት ሲገባው ውስጥ ተይዞ ቀርቷል። ስለዚህ ኮሌስትሮሉ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ክርን ላይ ያብጣል፣ የልብንም ሥር ይዘጋል። ችግሩ በዘር የሚወረስ ነው።

«ወንድሜ ግን አባዬ ጤነኛ ነበር እያለ አልመረመርም አለ። እርስዎ ይንገሩልኝ።»

ደወልኩለት፤ የሳቅንበትን ሁሉ ነገርኩት። «እሺ፣ ሰኞ እሄዳለሁ» አለኝ።

በእናንተስ ቤት ሲሳቅበት የኖረ፣ ማንም ምንድን ነው ብሎ ያልጠየቀው ምልክት አለ? ጻፉልኝ።