የስልኩ ሰውዬ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን «ዝናብ» ማለት ነበር።

ጥር ነበር፤ በጥርም ቢሆን የድሬዳዋ ቀትር ብርድ ልብስ የሚያስለብስ አይደለም። ግን ውጭ ባጃጁ አያባራም፣ የጎረቤታችን ዶሮዎች አያርፉም፤ ድምፅ ሲቀዳ ደግሞ ወፍራም ጨርቅ ጫጫታውን ዋጥ ያደርገዋል። ይህን ዘዴ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ወፍራሙን ብርድ ልብስ የመረጠው እርሱ፣ ጨርቅ ነጋዴው ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ብርድ ልብሱን በራሳችን ላይ ጥለን፣ ስልኩን በመሃላችን ያዝን። እኔ «ዝናብ» አልኩ። እርሱ በሶማሊኛ «ሮብ» አለ፤ ቀጥሎ በኦሮምኛ «ሮባ»። ላቡ ከግንባሩ ስልኩ ላይ ጠብ አለ።

«በዚህ ሙቀት ዝናብ ዝናብ ስንል ሰው ቢሰማን ምን ይላል?» አለኝ።

«ዝም በል፤ እየተቀዳ ነው።»

«ይቀዳ! እንዴት እንደምትቆጪኝ ልጆቹ ይስሙ እንጂ።»

ሳቃችን እስኪበርድ ጠብቀን ያንን አጠፋንና እንደገና ቀዳን። ከዚያ ምሳውን በላ፣ ሸሚዙን ቀየረ፣ ቀፊራ ገበያ ወዳለው ሱቁ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ወደቀ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ስለ ስልኩ ግን መጻፍ እችላለሁ።

እኔ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ክፍሌ በአማርኛ የሚማር ክፍል ነው፤ ከልጆቹ ብዙዎቹ ግን ቤታቸው የሚናገሩት ሶማሊኛ ወይም ኦሮምኛ ነው። ድሬ ውስጥ ይህ የሚገርም ነገር አይደለም። ሰው ባጃጅ ውስጥ በአንዱ ቋንቋ ሰላም ብሎ ይገባል፣ በሌላው ስለ ዋጋ ይከራከራል፣ በሦስተኛው አመስግኖ ይወርዳል። ትንሽ ልጅ ግን እንዲህ ለመሆን ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ ዓመት መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረችኝ፤ ቤቷ ሶማሊኛ ብቻ ነው የሚነገረው። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም። ስጠራት ትነሳለች፣ ታየኛለች፣ ትቀመጣለች። እኔ የተወለድኩት አማርኛ በሚነገርበት ቤት ነው፤ ሶማሊኛዬ ባሌ ቤት ከገባሁ በኋላ የለቃቀምኩት ነው። በሶማሊኛ ላናግራት ስሞክር ይበልጥ ዓይኗን ሰበረች።

ከሌሎች መምህራን ጋር በስልክ የምንጻጻፍበት ቡድን አለ። እዚያ አንዷ ስለ ነፃ የስላይድ መተግበሪያ ጻፈች። ሥዕል ታስገቢያለሽ፣ ሥዕሉ ላይ ድምፅ ታያይዣለሽ፣ ልጁ ሥዕሉን ሲነካው ድምፁ ይወጣል። አንዴ ከወረደ በኋላ ኔትወርክ አይፈልግም። እኔ ጋ ያለው መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክና አንዲት ትንሽ ስፒከር ነበር። የፍየል፣ የዓይን፣ የውሃ ሥዕል አስገብቼ በራሴ ድምፅ ሠራሁ። ልጆቹ ወደዱት፤ እርሷ ግን ዝም ብላ አየችው።

ያቺ መምህርት አንድ ምክር ሰጥታ ነበር፤ ክፍል ከመግባትሽ በፊት የአውሮፕላኗን ምልክት ንኪ፣ አለበለዚያ ትምህርቱ መሃል ይደወላል ብላ። አንድ ጠዋት ጥቅምት ላይ ረሳሁት። ፍየሏን እያሳየሁ ስልኩ በስፒከሩ ጮኸ። ልዘጋው ብዬ ከፈትኩት።

«አሰላሙ ዓለይኩም!» አለ ባሌ። ስልክ ሲያወራ ሰው ማዶ ተራራ ላይ ያለ ይመስል ይጮሃል።

ክፍሉ በሙሉ በአንድ አፍ «ወዓለይኩም ሰላም!» አለ።

«እንዴ! ቤታችን ውስጥ ስንት ሰው ነው ያለው አቦ?» ካለ በኋላ፣ እንደ ልማዱ ወደ ሶማሊኛ ዞሮ፣ ሽንኩርት አለ ወይስ ልግዛ ብሎ ጠየቀ።

መስኮቱ አጠገብ ያለችው ልጅ ተነሳች። በሶማሊኛ፣ እንደ ትልቅ ወይዘሮ ረጋ ብላ፣ «ሽንኩርት አለ፤ ቲማቲም ግን የለም» አለችው።

ድምፅዋን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ጎርናና ነው፤ ከእርሷ የሚወጣ አይመስልም።

«ሀዬ፣ እሺ» አለ ባሌ፣ «ቲማቲም እገዛለሁ» ብሎ ዘጋው።

ማታ እውነትም ቲማቲም ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ያቺ አዛዤ የታለች?» አለኝ። የሆነውን ሁሉ ስነግረው ፌስታሉን እንደያዘ ቁጭ አለ። ዝም ብላ የከረመች ልጅ ለእርሱ ለመመለስ መነሳቷን ደጋግሜ እንድነግረው አደረገኝ። ከዚያ «እኔን አስገቢኝ» አለ። «የት?» ብለው፣ «እዚያ ስልኩ ውስጥ» አለኝ።

እንዲህ ጀመርን። እያንዳንዱን ትምህርት በሰላምታ እንዲጀምር ተስማማን፤ እኔ ቃሉን በአማርኛ፣ እርሱ በሶማሊኛና በኦሮምኛ ይላል። መጀመሪያ ላይ የቀዳነው ለምንም አይሆንም ነበር። ነጋዴ ነውና ቃሎቹን እንደ ዋጋ ያከታትላቸዋል፤ ገበያ ላይ ዝም ያለ ሰው ተበላ ማለት ነው ይላል። እኔ ደግሞ ካነበብኩት ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር፣ ከቃሉ በኋላ ልጁ የሚናገርበት ቦታ መተው እንዳለበት ነው። ሊሆንለት አልቻለም። በመጨረሻ የእጁን አንጓ ያዝኩት፤ እስክለቀው ድረስ እንዳይናገር። ቃሉን ይላል፣ እጁን እጨብጣለሁ፣ ይጠብቃል፣ እለቀዋለሁ። ስለቀው፣ «ጎበዝ! ፊዓን! ጋሪ!» ይላል፤ በሦስቱም ቋንቋ ያመሰግናቸዋል።

«ማለታቸውን በምን አወቅህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ይላሉ። እኔ ካልጠበቅኳቸው ለማን ብለው ይላሉ?»

ልጆቹም አሉ። እኔ ስጠይቃቸው ወለል የሚያዩት፣ ስልኩ ሲጠይቃቸው ጮኹ። ያቺ ልጅ መጀመሪያ ሶማሊኛውን ብቻ ትመልስ ነበር፤ ቀስ እያለች አማርኛውን ጨመረች፣ ኅዳር ሲያልቅ እኔን ቀና ብላ «ቲቸር፣ ውሃ ልጠጣ» አለችኝ። አንድም ብር ያልከፈልንበት ነገር ነው ይህን ያደረገው። እስካሁንም ይደንቀኛል። እጄ ላይ ያለው መስታወትና ፕላስቲክ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከውስጡ ሰው ወጥቶ ልጅ እንድትናገር ሲያደርግ ግን ዓይኔ አይቷል።

ልጆቹ «የስልኩ ሰውዬ» ብለው ሰየሙት። አንድ ቀን የረሳሁትን ቻርጀር ይዞ ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ፣ ይኸው የስልኩ ሰውዬ መጣ አልኳቸው። ከላይ እስከታች አዩት። ከፊት የተቀመጠው ልጅ ራሱን ነቀነቀ።

«አይደለም። እሱ ትልቅ ነው።»

«እኔ ነኝ ወላሂ!» አለ ባሌ።

«አንተ የቲቸር ባል ነህ» አሉት። ቀኑን ሙሉ እንደተቀየመ ዋለ።

እርሱ ከሞተ በኋላ የዒዳዬን ጊዜ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷ የምትቀመጥበትን ጊዜ፣ ፈቃድ ወስጄ ቤቴ ተቀመጥኩ። ታላቅ እህቱ አብራኝ ተቀመጠች። እርሱ «አባዮ» ይላት ነበር፣ በሶማሊኛ እህት እንደማለት ነው፤ እኔም እንዲሁ እላታለሁ። በእኔ ቦታ የገባችው ወጣት መምህርት ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ብዙ ከተቀመጠች በኋላ፣ ልትነሳ ስትል፣ በዝግታ ጠየቀችኝ።

«የስልኩን ትምህርት ምን ላድርገው? የእርሱን ድምፅ ልከሽልኝ ላሰማቸው ወይስ...»

አባዮ ቀደመችኝ። «የሞተ ሰው ድምፅ የልጅ መጫወቻ አይሆንም። ይረፍ።»

እኔም «በራስሽ ድምፅ ሥሪው» አልኳት። አባዮ ስለ ሟች ክብር ብላ ነው። እኔ ግን ስለ ፈራሁ ነው። ከሞተ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም ነበር። ሳልዘጋጅ ብሰማው ልጆች ፊት የምወድቅ መሰለኝ። ለርዕሰ መምህሩ ደውዬ በሚቀጥለው ዓመት ወደ አራተኛ ክፍል ቢያዛውረኝ እንደምወድ ነገርኩት። አራተኛ ክፍል ስልክ ሳያስፈልገኝ፣ በመጽሐፍና በጠመኔ ማስተማር እችላለሁ። በትምህርት ቤት ውስጥ ከሁሉ የምወደው የአንደኛ ክፍልን በር እንደሆነ ግን አውቅ ነበር። ከዚያ በር ከወጣሁ እንደማልመለስም አውቅ ነበር።

ግንቦት ላይ ዓመቱን ለመዝጋት ተመለስኩ። ልጆቹ አድገው ጠበቁኝ፤ ጥርሳቸውን የጣሉ አሉ። አንድ ሁለት ቀን በመጽሐፍ አስተማርኩ። ስልኩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን ያቺ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የስልኩ ሰውዬ ሞተ አሉ።»

«አዎ» አልኩ።

«ባልሽ ነበር?» አለ ከፊት ያለው ልጅ።

«ባሌ ነበር።»

«ብያችሁ ነበር!» አለ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፤ አላለም ነበር።

እርሷ ግን አልተቀመጠችም። «ስልኩ ውስጥ ሌላ ሰላምታ አለው?» አለችኝ።

«ለምን?»

«ካለው አልመለስንለትም።»

«የሞተ ሰው ሰላም አይልም!» አለ ያ ልጅ።

«ሳይሞት ያለውን ነው የምላት፤ አንተን ማን ጠየቀህ?»

ሰላም ተብሎ ዝም ማለት ነውር መሆኑን ይህን የሚያህሉ ልጆች ሁሉ ያውቃሉ። ሱቅ ተልከው ደጅ ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ሰላምታ ሳይመልሱ ቢያልፉ፣ ወሬው ከእነርሱ ቀድሞ ቤት ይገባል። እኔ ደግሞ ከእነርሱ የበለጠ አውቅ ነበር። ብርድ ልብስ ውስጥ የቀዳነውን የዝናብ ትምህርት ማንም አልሰማውም። እርሱ ሰላም ብሎ ሄዷል፤ ሰላምታው ጥር ወር ላይ፣ በእኔ ቦርሳ ውስጥ፣ መላሽ አጥቶ ቆሟል።

ስልኩን አወጣሁ። የአውሮፕላኗን ምልክት ነካሁ። ስፒከሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የዝናቡን ሥዕል ከፈትኩ። ሥዕሉን ሳልነካው ልጅቷ መጥታ እርሷ ነካችው።

«አሰላሙ ዓለይኩም!»

«ወዓለይኩም ሰላም!»

መስኮቶቹ የተንቀጠቀጡ መሰለኝ። አልወደቅኩም። «ዝናብ» የሚለው የእኔ ድምፅ መጣ፤ ሳቅ ያፈነው የደስተኛ ሴት ድምፅ ነው፣ እንግዳ ሆነብኝ። ቀጥሎ «ሮብ» አለ እርሱ። ከዚያ ጠበቀ።

ያ ዝምታ ባዶ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሙሉ ነው። ጨርቁ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ትንፋሹ ይሰማል፤ ገባ፣ ወጣ። እየጠበቃቸው ነው። ልጆቹ «ሮብ!» ሲሉ ድምፃቸው እርሱ በተወላቸው ቦታ ላይ ልክ ገባ፤ አልተረፈም፣ አልጎደለም። ቃላቸው እንዳለቀም «ጎበዝ! ፊዓን! ጋሪ!» አላቸው። ልጆቹ ፈገግ አሉ። ማንም አልፈራም።

ሰማቸው ለማለት አልደፍርም፤ ያን የሚያውቀው አላህ ነው። የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ያ የማይጠብቅ ሰው ከወራት በፊት እነዚህን ልጆች ጠብቋቸዋል። እነርሱ ያን ጊዜ በየቤታቸው ነበሩ፣ እርሱ ብርድ ልብስ ውስጥ። አሁን እነርሱ እዚህ ናቸው፣ እርሱ አፈር ውስጥ። በመሃል አንድ የተሰነጠቀ ስልክ አለ። ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ይህን ሳስብ፣ ከእንባዬ በፊት የመጣብኝ ግርምት ነው። ያን መተግበሪያ ሠርተው በነፃ ከሰጡት ሰዎች አንዱም ይህን ክፍል አያውቅም።

ማታ ለአባዮ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። የመቁጠሪያዋን ጨሌ ይዛ ሰማችኝ።

«መለሱለት?» አለች።

«ሁሉም።»

«ጮክ ብለው?»

«ጮክ ብለው።»

ጨሌዋን ጭኗ ላይ አኖረች። «እንግዲያስ አትዝጊበት» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ኦሮምኛው ድሮም አያምርለትም ነበር። እኔ እበልጠው ነበር» አለች። ከሞተ ወዲህ ሁለታችንም ስንስቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያችን ነው።

አራተኛ ክፍል አልሄድኩም። መስከረም ላይ ስልኩን የማያውቁ አዲስ ልጆች ገቡልኝ። የእርሱ ትምህርቶች እስከ ዝናብ ድረስ ያደርሱናል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉትን እኔና አባዮ እንቀዳለን። ሶማሊኛውንም ኦሮምኛውንም እርሷ ትላለች። የተቀዳውን በብሉቱዝ ለወጣቷ መምህርትና ለሌሎቹ እልካለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እቀዳለሁ፣ ሰኞ አስተምራለሁ።