በእጃችን የነበሩት ድንኳኖች

ወንድሜ ይሉኝታውን አገር ቤት ጥሎት ቢመጣ ኖሮ ዛሬም የራሱ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ ይሰፋ ነበር። ዓመታት አልፈውም ይህን ሳስብ አንጀቴ ያርራል።

በተሰደድንበት ከተማ ዳር፣ ዌስተን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ያኔ የኤርፖርቱ ባቡር ሐዲድ ገና ሲዘረጋ፣ እኔና እሱ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይተን ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢትና የበረዶ ጃኬት እንጠግን ነበር። ሥራው የሚመጣልን ለካምፒንግና ለተራራ መውጫ የሚሆን ዕቃ ከሚሸጥ አንድ ትልቅ ሱቅ ነው። ደንበኞች የተቀደደባቸውን ለሱቁ ይሰጣሉ፤ እኛ ሰፍተን እንመልሳለን፤ ሱቁ በወሩ መጨረሻ ይከፍለናል። ወፍራም ሸራ የሚበሳውን መኪና የገዛነው ወንድሜ ዕቁብተኞቹን ለምኖ የመጀመሪያውን ዕጣ ስለወሰደ ነው። ስለዚህ በየወሩ መጣል ነበረበት። መጣል ካቃተው መኪናው ይሸጣል፤ ሌላ የሚሸጥ ነገር አልነበረንም።

አንድ ጸደይ ላይ ሱቁ መክፈል አቆመ። ስንደውል "ቼኩ እየመጣ ነው" ይሉናል። ከዕቁብተኞቹ መካከል የሂሳብ ሠራተኛ የሆነች አንዲት ሴት ወንድሜን ለብቻው ጠርታ መከረችው።

"የጠገንከው ዕቃ በእጅህ እስካለ ድረስ ሕጉ ካንተ ጋር ነው። ፔይ ሳያደርጉህ እንዳትለቅ። ከእጅህ ከወጣ ግን አለቀ፣ ማንም አይሰማህም።"

እሱም እሺ አለ። የሰፋናቸውን ድንኳኖች እስከ ጣሪያ ደርድረን ተቀመጥን።

በዚያው ሳምንት የሱቁ ባለቤት አባት ሞተ።

ወንድሜ ጥቁር ኮቱን ለበሰ፤ እኔም ምስር ወጥ በድስት ይዤ ተከተልኩት። ኢስት ዮርክ የሚባል ሰፈር፣ ሰውዬው ቤት ስንደርስ እንግዶቹ ብርጭቆ ይዘው ቆመው ይሳሳቃሉ። ባለቤቱ ድስቱን ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ልብስ ማጠቢያው ላይ አኖረው። እኛ ጥግ ይዘን እንደ ወጋችን አንገታችንን ደፋን። ከዚያ ሁሉ ሰው ለቅሶ የደረስነው እኛ ብቻ እንመስል ነበር።

በማግስቱ ወንድሜ ድንኳኖቹን ለሱቁ ሊመልስ መጫን ጀመረ።

"ጋሼ፣ ምን እያደረግክ ነው?"

"ሰውዬው አባቱን ቀብሮ ሳምንት አልሞላውም። ዕቃህን ይዣለሁ፣ ገንዘቤን አምጣ ልበለው? ሰው ምን ይለኛል?"

"የትኛው ሰው? እዚህ ማን ያውቅሃል?"

"ተይ እንግዲህ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ።"

በንዴት እየነደድኩ ያዝኩለት።

ብዙም ሳይቆይ ሱቁ ከሰረ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ ሱቁ ላይ ገንዘብ ያለን ሁሉ ስብሰባ ተጠራን። ንብረቱን የምታጣራው ሴትዮ ባንኩ እንደሚቀድም፣ እኛን የመሰሉት ከተረፈ ብቻ እንደሚካፈሉ በለሰለሰ ድምፅ አስረዳችን። ከዚያም "የጠገናችሁት ዕቃ በእጃችሁ አለ?" ብላ ጠየቀችን።

"የለም፣ ሁሉንም አስረክበናል" አለ ወንድሜ፣ የሚመሰገን መስሎት።

አንገቷን ነቅንቃ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች። በመጨረሻ የደረሰን ቼክ የወር የአውቶቡስ ወጪ እንኳ አይሸፍንም ነበር።

ዕቁብተኞቹ "እንታገስሃለን" አሉት። እሱ ግን ዓይናቸውን ማየት አቃተውና መኪናውን ለመሸጥ ወሰነ። ገዢው የዚያው ሱቅ የተራራ ጫማ ሶል የሚቀይር አንድ ሽማግሌ ሆነ። ሳይከራከር ጥሬ ገንዘብ አወጣ። ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት ጫማዎቹን አልለቅም ብሎ ይዞ፣ ሒሳቡን አንድም ሳይጎድል እንደተቀበለ አጫወተን።

ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው። "ያኔ አባቱ መሞቱን አልሰሙም ነበር?"

"ሰምቻለሁ እንጂ" አለ ሽማግሌው፣ መኪናውን ወደ ቫኑ እየገፋ። "ካርድ ላክሁለት። ጨዋ ሰው ነው፤ ደውሎ አመሰገነኝ።"

ወንድሜ ሄዶ የቫኑን በር ከፈተለት።