ሟቹ ያልተጻፈበት ሙሾ

ብዙ ዘመን እንግሊዝኛ ካስተማርሁ በኋላ፣ ጡረታዬ ሲቃረብ፣ በክረምት መርሐ ግብር መካነ ሰላም ከተማ ካለው ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሆንሁ። ጥናቴ የአገሬን ሙሾ ሰብስቦ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነበር። በዕድሜ ልጄ የምትሆን አማካሪዬ ከመጀመሪያው ቀን አስጠነቀቀችኝ፦ «ለማን እንደተለቀሰ ያልተመዘገበ ግጥም አልቀበልም።»

ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስልክ አውጥቶ መቅዳት ነውር ሆነብኝ። ስለዚህ ከአጅባር ከተማ ወጣ ብለው ወደሚኖሩ አንዲት የታወቁ አልቃሽ ዘንድ ሄድሁ።

«ታዲያ መምህር፣ ሬሳው የታለ?» አሉኝ ስቀው።

«ለትምህርት ነው፣ እትዬ።»

«ወላሂ ያለ ሟች አላወርድም! ሞት መጥራት ነው። ማንን ላልቅስልዎ?»

ከአፌ አምልጦኝ «ወንድሜን» አልሁ።

ታናሽ ወንድሜ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ድምፁ ጠፍቷል። ዓመታት አልፈዋል። እናቴ ግን «መርዶ ሳይመጣ ያለቀሰ፣ እሱ ገደለው» ብላ ስለቆረጠች እኔም ስሙን ካነሣሁ ቆይቻለሁ።

አልቃሿ ሳቃቸውን ዋጡ። «ጎረቤት ከሰማ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል» ብለው፣ ስልኬ እየቀዳ ለጆሮዬ ያህል ብቻ አወረዱት፦

መንገዱ ረዘመ ራቀብኝ ማዶ፣
እናት ደጅ ላይ ቀረች ሳይነግሯት መርዶ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ። ሴትዮዋ በገበያ ቀን አጅባር ይወጣሉ፤ እናቴም የምትኖረው እዚያው ነው። አንድ ቃል ቢያመልጣቸውስ?

ግጥሙን በእንግሊዝኛ ስጽፈው አልፈራሁም፤ በቤታችን ያን ቋንቋ የሚያነብ ከእኔ በቀር የለም። የጥናቱ አባሪ ግን አማርኛውን ከነሠንጠረዡ ይጠይቃል። «ሟች» ከሚለው ሥር ያለችውን ቦታ ደጋግሜ እያየሁ ባዶዋን ተውኋት። ግጥሙን ባወጣው ምዕራፌ ይፈርሳል፤ ቦታዋን ብሞላት ወንድሜን በገዛ እጄ መቅበሬ ነው።

«አንዲት መስመር ብቻ ቀርታለች፣ ጋሼ፤ እስከ ሰኞ ይሙሏት» አለችኝ አማካሪዬ።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሬ እናቴ ዘንድ ሄድሁ። የምናገረውን መንገድ ላይ ሳሰናዳ ብውልም ስደርስ ሁሉም ጠፋብኝ። ስልኩን አወጣሁና ከፈትሁላት። ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ለማን ነው?»

«ለእሱ።»

እርግማኗን ጠበቅሁ።

«ድምፁን ከፍ አድርገው» አለችኝ በመጨረሻ፤ «ጎረቤት ይስማ።»

የስልኩ ድምፅ መጨረሻው ላይ ነበር፤ ከዚያ በላይ አይወጣም። ተነሥቼ በሩን ከፈትሁና ግጥሙን እኔው ጮክ ብዬ አልሁት።