ተረከዝ የያዘው ገመድ

ሻካራ ገመድ መዳፌን ሲቧጭረኝ ዛሬም ደሜ ይሞቃል። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ ፍየል የታሰረበትን ገመድ ጨብጬ ፈዝዤ ቀረሁና ባለፍየሉ፣ "እህቴ፣ የምትገዢው ፍየሉን ነው ገመዱን?" ብሎ አሳቀብኝ። ምን ያውቃል እሱ!

ነገሩ የጀመረው ሶዶ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በገመድ ጉተታ የጎረቤቱ የቢጠና ትምህርት ቤት ልጆች በጭቃ ላይ ጎትተው አሳፈሩን። ከኋላ፣ ከገመዱ ጫፍ የቆምኩት እኔ ነበርኩና ጥፋቱ ሁሉ በእኔ ላይ ተላከከ። እልህ ያዘኝ። ሲሚንቶ የተሞላ ጣሳ እያነሳሁ ክንዴን ሳሳብጥ ከረምኩ። ለቀጣዩ ግጥሚያ ልምምድ በጀመርን ማግስት የስፖርት መምህራችን ጠሩኝ።

"የት ነው ያመመሽ?"

"ክንዴን፣ ቲቸር።"

"እንግዲያው የጎተተው ክንድሽ ብቻ ነው። ሌላው ሰውነትሽ ቆሞ ያይ ነበር።"

አኩርፌ ቤት ስገባ እናቴ ጓሮ እንሰት ትፍቃለች። እርጥቡ እንሰት ይሸታል፤ የቀርከሃ መፋቂያው ሳንቃው ላይ ሸርተት ሸርተት ይላል። ልጡን በተረከዟ ከሳንቃው ጋር አጣብቃ መፋቂያውን ስትስብ መጀመሪያ ባቷ ጠጠር አለ፤ ቀጥሎ ጭኗ፣ ሆዷ፣ ጀርባዋ። ክንዷ መጨረሻ ላይ ነው የተከተለው። ለካ ቲቸር ያሉት ይኼን ነው! ልጅነቴን ሙሉ ሳየው ኖሬ አላየሁትም።

ከዚያ ወዲያ ከጎኗ ተቀምጬ መፋቅ ጀመርኩ። ትምህርት ቤት ደግሞ መምህሩ ቁጢጥ ብድግ ያሰኙናል፤ በክርናችን ተደግፈን ሆዳችን እስኪንቀጠቀጥ ያቆዩናል።

በዓመቱ ከቢጠናዎቹ ጋር ዳግም ገጠምን። መምህሩ "ተረከዝ!" ብለው ሲጮሁ ስምንታችንም ተረከዛችንን መሬት ውስጥ ቀበርን። ክንዴን ረሳሁት። ገመዱ መጀመሪያ ስንዝር መጣ፣ ከዚያ አንድ ክንድ፣ ከዚያ ቢጠናዎቹ አንድ በአንድ ጭቃው ላይ ዘፍ ዘፍ! ያን ሰዓት ዳሞታ ተራራን ብታስሩልኝ ጎትቼ አመጣው ነበር!

በማግስቱ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። እናቴ ልታሸኝ ቅቤ ይዛ መጣች።

"የቱ ጋ ነው?"

"ከተረከዜ እስከ አንገቴ! አሸነፍን እኮ፣ እማ!"

ሳቀች። "አይ ልጄ! ይኼማ እንሰት የፋቅኩ ቀን ሁሉ የሚይዘኝ ነው" አለች፣ ማሸቷን ሳታቆም።

አንድም ቀን "የት ነው ያመመሽ?" ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። አፈርኩ። እያቃሰትኩ ተነስቼ ቅቤውን ከእጇ ተቀበልኩና "በይ ዙሪ" አልኳት። ጀርባዋ እንደተወጠረ ገመድ ጠንካራ ነበር።

እናቴ ዛሬ የለችም። ገመድ በነካሁ ቁጥር ግን መዳፌ ያን ጀርባ ያስታውሳል።